ለድመት የተመታ ማህተም

«ዛሬ ካልወጣች እኔ እወጣለሁ። ከሁለታችን አንዳችንን ምረጥ።»

ጥርስ ሠሪዋ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ቆማ፣ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ነው። ድምፁ የአማቷ ነበር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ማድ ቤት የሚወራው ሁሉ መታጠቢያ ቤት ያለ ሰው ጆሮ ይገባል፤ ይህን ግን ከእሷ በቀር ልብ ያለው የለም። መጀመሪያ ስለ ራሷ የሚወራ መስሏት ክው አለች፤ አረፋውን ሳትተፋ ባሏ ምን እንደሚመልስ ጠበቀች። ከባሏ በኩል የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። አማቷ ቀጥለው፣ አራት ቀን ሙሉ በረንዳው እየገማ ያቺ ድመት እንደ እመቤት ሶፋ ላይ መንፈላሰሷን ሲያነሱ ነው ነገሩ የገባት። ምርጫው በአማቷና በድመቷ መካከል ኖሯል። እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን ታዘበች፤ በገዛ ቤቷ፣ የአምስት ወር ሆዷን ይዛ፣ ለመባረር የታጨችው ድመቷ በመሆኗ ደስ ሊላት ነው። አፏን ተጉመጠመጠችና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጣች።

አማቷ ወደዚህ ሁለት ክፍል ቤት የመጡት የእርግዝናው ወሬ እንደተሰማ፣ ሊረዱ ነው። አይዋሽም፣ ይረዳሉ። ያበስላሉ፣ ልብስ ያጥፋሉ፣ ጎረቤት ሲመጣ ያስተናግዳሉ። ሠላሳ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ስለወጡ የቤቱንም ጉዳይ እንደ ፋይል ነው የያዙት፤ ሳሙናው መቼ እንደተጀመረ፣ ማን መብራት ሳያጠፋ እንደተኛ ከእሳቸው አያመልጥም። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ጽንስ በሦስተኛ ወሩ ሲጨነግፍ ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቅነውም ብለው ነበር። አማቷ ግን አወቁት። ድመቷ ናት። የድመት ፀጉር በትንፋሽ ይገባና ማህፀን ውስጥ ይጠመጠማል፤ ማን እንደነገራቸው አይናገሩም፣ ጥርጥርም የላቸውም። ጥርስ ሠሪዋ በዚህ አትፈርድባቸውም። የፈሩት የልጅ ልጃቸውን ማጣት ነው፤ እሷም የምትፈራው ያንኑ ነው። ልዩነታቸው እሷ ጠይቃ መፍራቷ ብቻ ነው።

ከወር በፊት ለምርመራ ደም ስትሰጥ አዋላጅ ነርሷን ጠይቃለች። ነርሷም ድመቷን ማስወጣት ግድ እንዳልሆነ፣ የምትጸዳዳበትን ሳጥን ግን ነፍሰ ጡር እንደማትነካው፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ሊያጸዳው እንደሚገባ ነግራታለች። ሳጥን የተባለው እዚህ ቤት ሰማያዊ ሳፋ ነው። መንገዱ ዳር ካለው ሕንፃ ግንባታ የተለመነ አሸዋ ተሞልቶ በረንዳው ጥግ ይቀመጣል። ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በአሮጌ ጭልፋ ማፈስ፣ ፌስታሉን መቋጠር፣ መጣል፣ እጅ መታጠብ። ባሏ ያኔ «ለዚህ ነው የተጨነቅሽው? ተይው ለእኔ» ብሏት ነበር። ሁለት ቀን አጸዳ። በሦስተኛው ቀን ጠረኑ እንደሚያቅለሸልሸው ተናገረ፤ ሦስት ወር ሙሉ ባልዲ ታቅፋ ስታስመልስ ለከረመች ሴት ነው ይህን የሚነግራት። የአማቷ ጉልበት አይታጠፍም፤ ቢታጠፍም ለድመት አይታጠፍም፤ ወንድ ልጃቸው የድመት ዓይነ ምድር ሲያፍስ ማየትም አይፈልጉም። ስለዚህ ጥርስ ሠሪዋ ከሥራ ቦታዋ ባመጣችው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ራሷ ስታጸዳ ሰነበተች፤ የነርሷን ቃል እያወቀች፣ ጭልፋውን ባነሳች ቁጥር ትንፋሿን ይዛ፣ ሆዷን ወደ ኋላ ሰብስባ። ሰኞ ዕለት ተወችው። ለማንም ምንም ሳትል ተወችው። ሦስት ሰው ባለበት ቤት አንዱ ያነሳዋል ብላ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። አማቷ እንደ ወትሮው ትንሿን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ጉበት ነው፤ ለደም ይበጃል የተባለ፣ እሳቱን አይቶ የተመለሰ፣ መሃሉ ገና ቀይ። በጣም ከበሰለ ኃይሉ ይጠፋል ባይ ናቸው። ጥርስ ሠሪዋ ሹካዋን ለይስሙላ ታመላልስና አማቷ ዞር ሲሉ በጠረጴዛው ሥር ለድመቷ ታቀብላለች። ድመቷ ምክትል ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ እሱ ለሥራ በወጣ ቁጥር ወንበሩ ላይ ወጥታ ስለምትሰየም። ያኔ እዚህ ቤት ይሳቅ ነበር። ምክትል ከድክድክ ዕድሜዋ ጀምሮ ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ አይጥ ብታይ የምትሸሸው እሷ ናት። አሁን ጉበቱን እየበላች ወፍራለች፣ አማቷም ውፍረቷን ሲያዩ የልጅ ልጃቸውን ድርሻ የበላች ይመስል ፊታቸው ይጠቁራል። መምሰል ብቻም አይደለም፣ በእርግጥም በልታዋለች።

ባሏ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ግቢ እያንኳኳ፣ ጎንበስ እያለ፣ አቧራ እየጠረገ ቁጥር ይጽፋል። ጎንበስ ማለት የሚያቅተው ሰው አይደለም። ዳቦውን እየቆረሰ፣ ማንንም ሳያይ፣ ዛሬ የነርሷ ቀጠሮ ስለሆነ እስከ ማታ እንጠብቅ አለ። ነርሷ ትውጣ ካለች ትወጣለች፣ ትቆይ ካለች ትቆያለች፤ በዚህ ማንም እንዳይከራከር።

«በአፍ ከሆነ እኔ አልሰማም» አሉ አማቷ። «አፍ ያሻውን ይላል። ማህተም ያለበት ወረቀት ታምጣ፣ ያኔ እኔም ዝም እላለሁ።»

«አመጣለሁ እማማ» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሳፋውስ?»

ምሳ ሰዓት ብቅ ብሎ እንደሚያጸዳው ነገራት። በእናቴ ብሎ ማለ፤ እናቱ እዚያው ሻይ እያማሰሉ ነው። እሷም አመነችው። ማመን ስለፈለገች አመነችው። ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ምክትል ባዶው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ክፍል ከአንድ መነጽር ሱቅ በላይ ያለ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው። መደርደሪያው ላይ የሰው አፍ ተደርድሯል፤ በጀሶ የተቀዳ ላንቃና መንጋጋ፣ በእያንዳንዱ ሥር የባለቤቱ ቁጥር። ዛሬ እጇ ላይ ያለው የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር አፍ ነው። ሰሙን በትንሿ እሳት ታለሰልስና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትተክላለች፣ ታያለች፣ ትነቅላለች፣ እንደገና ትተክላለች። የፊት ጥርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ሰውየው ሲናገር ያፏጫል፤ አፉ ውስጥ አድርጎት ይመለስና እያፏጨ ይሳደባል። እዚህ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን በማግስቱ ያያታል፣ ያስተካክላታል። ይህን ሥራ የምትወደውም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን እጇ እንጂ ልቧ እዚህ አልነበረም፤ አንዱን ክራንቻ በግራ የሚገባውን በቀኝ ተክላ ግማሽ ሰዓት ሳታየው ቆየች።

አጠገቧ የሚሠራው ሰውዬ ጀሶ ይባላል፤ ፀጉሩ የነጣው በሽበት ይሁን በዱቄቱ ማንም ስለማያውቅ። በተሳሳተ ቦታ የተተከለችውን ክራንቻ ያየው እሱ ነው። ምን ሆነሻል ብሎ ሲጠይቃት የሆነውን ሁሉ ዘረዘረችለት፤ ሳፋውን፣ አራቱን ቀን፣ ማህተሙን። ጀሶ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ትከሻው ሲቆም፣ አሁኑኑ ቅርጫት ፈልጊና ወደ እኔ ቤት አምጫት አላት። ግቢ አላቸው፤ ባለቤቱም ከእሱ ይልቅ ከድመት ጋር ነው የምታወራ። እስክትወልድ፣ ሕፃኑም እስኪጠና ትቆይላታለች።

«ግድ የለም ጋሼ» አለችው። «ማህተም ይዤ ነው የምገባው።»

«ማህተሙ ሳፋውን ያጸዳልሻል?»

ለምን እንቢ እንዳለች ብትጠየቅ፣ ምክትል የሰው ቤት አትለምድም ትል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ድመቷን ለጀሶ ከሰጠች፣ እዚያ ቤት ውስጥ ለእሷ ሲል በቀን ሁለት ደቂቃ የሚያጎነብስ ሰው ይኑር አይኑር ሳታውቅ ልትወልድ ነው። ማወቅ ፈልጋለች። ያቺን ክራንቻ ነቅላ በቦታዋ መለሰችና ከሰዓት በኋላ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ግራና ቀኟ የተቀመጡት ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው ስለ ቃርና ስለ እግር እብጠት ያወራሉ፤ አንዷ ባሏ ለጽንሱ ሬዲዮ እንደሚከፍትለት ነገረቻቸውና ሁሉም ሳቁ። ጥርስ ሠሪዋም ሳቀች። ስሟ ተጠርቶ ስትገባ አዋላጅ ነርሷ፣ አጭርና ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፣ ፋይሉን ገልጣ የደሙን ውጤት ነገረቻት። ከድመት የሚመጣው በሽታ አልያዛትም፤ ከዚህ በፊትም ይዟት አያውቅም። ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን ሰውነቷ በሽታውን ስለማያውቀው አሁን እንዳይዛት መጠንቀቅ አለባት። ፀጉሩ ምንም አያደርግም። አደጋው ዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው ተውሳክ ነው፤ እሱም በወጣበት ቀን ከተጸዳ ሰው ለመያዝ ገና አልደረሰም፣ ሲያድር ሲሰነብት ነው ክፉ የሚሆነው። አሸዋው አራት ቀን እንዳልተጸዳ ስትነግራት ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ሦስት።»

«ከሦስቱ እርጉዝ ስንት ነው?»

«አንድ። እኔ።»

ነርሷ ብዕሯን መልሳ አነሳች። ስለ ምግብ ስታነሳ የጉበቱ ጉዳይ ወጣ፤ ያኔ ነው ነርሷ በእውነት የደነገጠችው። ከድመቷ ይልቅ ይህ ያልበሰለ ጉበት እንደሚያሳስባት፣ በሽታው በጥሬ ሥጋም እንደሚመጣ፣ ጉበት ራሱ ቢበስልም ለነፍሰ ጡር በየቀኑ እንደማይሆን ነገረቻት። ለድመቷ ነው የምሰጠው ስትላት ደግሞ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ለድመት ጥሬ ሥጋ መስጠት በሽታውን በእጅ ጎትቶ ቤት ማስገባት ነው። ጥርስ ሠሪዋ አፈረች። ይህን ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ብልህ የሆነች መስሏት አንድ ወር ሙሉ በጠረጴዛ ሥር የሠራችው ሥራ ይህ ነበር።

ከዚያ ወረቀት እንድትጽፍላት ለመነቻት። ነርሷ ጻፈችላት። ማህተም ስትላት ግን ብዕሯን ይዛ ቀና አለች፤ ማህተም ለሕመም ፈቃድና ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ለመላክ እንጂ ለድመት ተመትቶ አያውቅም። ጥርስ ሠሪዋ አማቷ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት እንደሠሩ ነገረቻት። መሃል ላይ ለቅሶዋ ሊያመልጣት ሆነ። ለድመት ብላ የምታለቅስ እንዳይመስልባት ወደ መስኮቱ ዞረች። ነርሷ ትንሽ አየቻትና መሳቢያዋን ከፍታ ማህተሙን ቀለም ላይ ጫን ጫን አድርጋ ወረቀቱ ግርጌ መታችው። ክቡ ሙሉ ሆኖ ወጣ። አንድ ፊደል እንኳ አልደበዘዘም።

ወደ ቤት በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ከአንድ የዕቃ መሸጫ ገብታ እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም ጓንትና እጀታው ረጅም የሆነ ትንሽ አካፋ ገዛች፤ ጠረኑ እንዳይደርስበት ብላ ነው ባለ ረጅም እጀታውን የመረጠችው። ጓንቱ የሁለት ቀን ምሳዋን ዋጋ ወሰደ፤ አልቆጫትም። ሻጩ ለእርስዎ ይሰፋል ሲላት ለባለቤቴ ነው አለችው፣ ለባለቤቴ ማለቷም ደስ አላት። ምሳ ሰዓት ምን ያህል እንደተንገሸገሸ ሲነግራት ይታያታል፤ ትስቅበታለች፤ አካፋውን ትሰጠዋለች። አማቷም ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ ይኮርፋሉ፣ ኩርፊያው ሁለት ቀን ይቆያል፣ ያልፋል። ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ አረፈች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

በሩን ስትከፍት ምክትል አልመጣችም። ወንበሩ ባዶ ነው። ሶፋው ባዶ ነው። አማቷ ማድ ቤት ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እንደምን ዋልሽ አሉ እንጂ ቀና አላሉም። ባሏ ከወትሮው ቀድሞ ገብቶ ቴሌቪዥን ያያል፤ ድምፁን አጥፍቶታል። የበረንዳው በር ተዘግቷል፣ ጠረኑ ግን በሩን አልፎ እዚህ ድረስ አለ። ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የብስኩት ካርቶን ተቀምጧል። በአንድ ጎኑ በብዕር የተበሱ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች አሉበት። ሰው ለብስኩት አየር አያስገባም። ጥርስ ሠሪዋ ቀዳዳዎቹን ካየች በኋላ ድመቷን መፈለጉን ተወች።

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እንዲያነብ ነገረችው። ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፣ ቁጥርም ይሁን ፊደል ጮክ ብሎ ነው የሚያነብ። ድመቷ ቤት ውስጥ ብትቆይ ነፍሰ ጡሯን አትጎዳም ብሎ አነበበ። የምትጸዳዳበትን ዕቃ ከነፍሰ ጡሯ ሌላ የቤቱ ሰው በየቀኑ ያጽዳ የሚለው ላይ ድምፁ ወረደ። ሥጋ ሁሉ በደንብ ይብሰል የሚለውን ለራሱ ነው ያነበበው፤ እናቱ ግን ከማድ ቤት ደረሱበት። እጃቸውን በሽርጣቸው አብሰው መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከጽሑፉ በፊት ግርጌውን አዩ።

«ማህተሙ ትክክል ነው» አሉ። ከሠላሳ ዓመት ሥራ የመጣ ፍርድ ነው። ቀጥለው፣ ከሄደች በኋላ የመጣ ወረቀት እንግዲህ ምን ያደርጋል አሉ፤ ስለ ጉበቱ ደግሞ ነርሷን ምን አገባት፣ እሳቸው አራት ልጅ የወለዱት በዚያው ጉበት ነው። ሁሉም ነገር ለእሷና ለልጁ ሲባል የተደረገ ነው።

«የት ነው ያደረስካት?» አለች ጥርስ ሠሪዋ፤ የምታየው ባሏን ብቻ ነው።

ከገበያው ማዶ መጋዘኖቹ ያሉበት ሰፈር። አይጥ ሞልቷል፣ አትራብም አለ። የትኛው መጋዘን ስትለው ቁጥሩን እንደማያስታውስ ነገራት። በቀን ሰማንያ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ያምናውን ንባብ በቃሉ የሚጠራ ሰው ነው። አይጥ የምትሸሽ ድመት ወስዶ አይጥ መሃል የጣለው ይህ ሰው፣ ያኔ ወንበሩን ስትወስድበት ምክትሌ እያለ ሆዷን ሲያክላት የነበረው ነው። ጥርስ ሠሪዋ ጀሶን አሰበች፤ ግቢውን፣ ከድመት የምታወራውን ባለቤቱን። ከምሳ በፊት እሺ ብትለው ኖሮ አሁን ድመቷ እዚያ ነበረች። ለማወቅ ብላ ነው ያላለችው። ይኸው አወቀች።

«ላጸዳው ነበር የመጣሁት» አለ ባሏ። ድምፁ ውስጥ እውነት አለ፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። «በረንዳው ላይ ወጣሁ፣ አሸዋውን አየሁት፣ አልቻልኩም። እማዬም ቆማ ታለቅሳለች። ድመቷ ደግሞ እዚያው አጠገቤ ነበረች። ካርቶኑን ሳስቀምጥላት ራሷ ናት ዘላ የገባችው።»

አማቷ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከዚያ ነገሩን ማለዘብ ፈልገው ይሁን ወይ በእርግጥ አስበውበት፣ ድመቷ ስለሌለች አሁን አደጋ የለም አሉ፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ያንን ሳፋ በፈላ ውሃ አጠብ አጠብ ታድርገው። ጥሩ ሳፋ ነው። ለሕፃኑ ገላ መታጠቢያ ይሆናል።

ጥርስ ሠሪዋ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችና ጣቷን «ከነፍሰ ጡሯ ሌላ» የሚለው ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። አልጮኸችም። ጓንቱንና አካፋውን ከፌስታል አውጥታ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠች። ሦስቱም የበረንዳውን በር አዩ። አማቷ ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ባሏ ነገ አለ፤ ቀጥሎም ቅዳሜ አለ። ጣቷ ከመስመሩ ላይ አልተነሳም። በመጨረሻ በንዴት ብድግ አለ፣ ጓንቱን አልነካም፣ በረንዳውን ከፍቶ ሳፋውን እንዳለ፣ ከነአሸዋው፣ ፊቱን አዙሮ በሁለት እጁ ተሸክሞ ወጣ። እናቱ ሳፋውን፣ ኧረ ሳፋውን እያሉ እስከ ደረጃው ተከተሉት። ከታች የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ። ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ሳሙናውን ሦስት ጊዜ ደጋገመ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊቷ ቆመ።

«ይኸው፣ እንዳለ ጣልኩት። አሁን ሰላም ነው?»

ማጽዳቱ ሁለት ደቂቃ ነው፤ መጣሉ ግን አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ጥርስ ሠሪዋ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አየችው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ሕፃን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጸዳ ታውቃለህ?»

ወደ እናቱ ዞረ። እናቱም በሚያውቁት ነገር ስለተጠየቁ ፊታቸው ፈታ አለ። መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜም አሥራ ሁለት ጊዜም ይሆናል አሉ፤ ሌሊቱን ሳይጨምር። ሆዱን ካመመው ደግሞ አይቆጠርም።

«እንግዲያው» አለችው ባሏን፣ «ካርቶኑን አትጣለው።»

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ስለማትችል ክሩን ሳታስር ወጣች። አማቷ ከኋላዋ፣ በዚህ ሆድሽ የት ነው፣ ሊመሽ እኮ ነው ይላሉ፤ ለእሷ ይሁን ለልጃቸው የሚናገሩት አይታወቅም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች፤ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ይወርድ እንደሆነ ጆሮዋን ጣለች። የሚወርድ አልነበረም። ብረቱን እንደያዘች ቀሪውን ወረደችና ከገበያው ማዶ ወዳሉት መጋዘኖች የሚወስደውን መንገድ ያዘች።